አንድ ክንድ ስንት ሳንቲ ነው? ጎጆ ልሠራ ብዬ ሒሳቡ አስቸገረኝ

ሰፊዋ ከሙጋድ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሙጋድ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትር አንገቴ ላይ ሳይንጠለጠል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ ቢሉኝ በዓይኔ ገምቼ እንኳ ብዙ አልስትም። አሁን የገባሁበት ሥራ ግን ጨርቅ አይደለም።

ሐይቅ ከተማ የቤተሰብ መሬት አለን፣ እናቴ እዚያው ናት የምትኖረው። እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚጠጣበት አንድ ክብ ጎጆ እንሥራ ተባባልን። ከላይ ሳር፣ ከታች ሴራሚክ። ሳርና ሴራሚክ ምን አገናኛቸው የምትሉ ካላችሁ እናቴን ጠይቋት። "ወለል ስለቀልቅ አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ በውሃ ጠረግ ነው" ብላለች።

ሠሪው አጎቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጎጆ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሜትር ግን በእጃቸው አይነኩም። መሃል ላይ ችካል ተከሉና "ሰባት ክንድ ገመድ እሰሪና አዙሪ፣ አለቀ" አሉኝ። ችግሩ ዕቃውን የምገዛው እኔ ነኝ፣ የምገዛው ደግሞ ከደሴ ነው። የደሴ ነጋዴ በክንድ አይሸጥልኝም። ጎረቤቴን ስጠይቀው "ክንድ ማለት ግማሽ ሜትር ነው" አለኝ። ሰባት ጊዜ 50፣ 350 ሳንቲ። ጥሩ። ሐይቅ ወርጄ አጎቴ ያሰሩትን ገመድ በሜትሬ ብለካው 336 ሆኖ ቁጭ። 14 ሳንቲ የት ገባ?

ሁለተኛው ያሳፍራል፣ ግን ልናገር። የወለሉን ስፋት እኔው አሰላሁት። የክቡ ግማሽ ወርድ በራሱ፣ ከዚያ በ3.14። ከትምህርት ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። በሳንቲ ስለለካሁ 336 በ336 በ3.14 አባዛሁ፣ 354,493 መጣ። ሜትር 100 ሳንቲ ነው ብዬ ለ100 አካፈልኩት። 3,545 ካሬ! ወረቀቱን ይዤ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ወረቀቱን አየ። "እህቴ፣ ስንት መኪና ይዘሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምኑ ላይ እንደሳትኩ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛ፣ አጎቴ ወጋግራ አምጪ ብለውኛል። ርዝመቱስ ስላቸው "ከምሰሶው ጫፍ ሳሩ እስከሚያልቅበት" ይሉኛል። ምሰሶው ገና አልቆመም እኮ! ያልቆመ ነገር በምን ይለካል?

አንድ ልጨምር። ለእጅ መታጠቢያው "ግማሽ ኢንች" ቧንቧ ግዢ ተብዬ ገዛሁ። የእኔ ሜትር በጀርባው ኢንች አለው። ግማሽ ኢንች ከ13 ሚሊ አይበልጥም። ቧንቧው ዳር እስከ ዳር 21 ሚሊ ነው። ተበላሁ ማለት ነው?

የቧንቧው ልጅ

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አልተበላሽም። በብረት ቧንቧ "ግማሽ ኢንች" ስም እንጂ ልክ አይደለም። ድሮ ስሙ የወጣለት በውስጡ ቀዳዳ ነው፣ ስሙ እንደዚያው ቀረ። የግማሽ ኢንቹ ውጪ 21 ሚሊ አካባቢ ነው፣ የሦስት ሩቡ ወደ 27። የላስቲኩ፣ በሙቀት የሚጣበቀው፣ ደግሞ በውጪ ልኩ ነው የሚጠራው። 20 ሲሉሽ በእውነት 20 ሚሊ ነው። ስለዚህ ብረትና ላስቲክ ስትቀላቅይ በሜትር አትመኚ፣ ቁራጩን ይዘሽ ሂጂና እሱን አሳይተሽ ግዢ።

ጠመኔ (መምህር፣ ወልድያ)

ሰፊዋ፣ ሳቁብሽ እንጂ ስህተቱ የብዙ ሰው ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ፣ በየዓመቱ ከክፍሌ ግማሹ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል።

ከጨርቅ እንነሳ፣ ቤትሽ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። አንድ ሳንቲ በአንድ ሳንቲ እያልሽ ቁራጭ ቁራጭ አድርጊው። አንዱ ረድፍ ላይ ስንት ቁራጭ ይወጣል? 100። ስንት ረድፍ አለ? እሱም 100። ጠቅላላው 100 በ100፣ 10,000 ቁራጭ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያለው 10,000 ካሬ ሳንቲ ነው ማለት ነው። ርዝመት ሲሆን ለ100፣ ስፋት ሲሆን ለ10,000 ታካፍያለሽ። ያንቺ 354,493 ለ10,000 ሲካፈል 35.45 ካሬ ይሆናል። መጀመሪያውኑ 3.36 ብለሽ በሜትር ብትጀምሪም እዚያው ትደርሺ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህንን ነው፤ ከማባዛታችሁ በፊት ወደ ሜትር ቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ የሚያሳስት ነገር አይኖርም።

የሱቁ ልጅ ቢስቅ አትፍረጂበት። ጥማድ እንደየአገሩ ቢለያይም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሩብ ሔክታር ተብሎ ነው፣ 2,500 ካሬ ማለት ነው። 3,545 ካሬ ሴራሚክ አንድ ተኩል ጥማድ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በሬ ጠምዶ አንድ ቀን ከግማሽ የሚታረስ መሬት ላይ ሴራሚክ ልታነጥፊ ነበር።

ወደ ክንዱ። 336ን ለ7 አካፍይው፣ 48 ይመጣል። ያ የአጎትሽ ክንድ ነው። የጠፋ ሳንቲ የለም። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፣ ጣት ደግሞ የሰው ነው። ጎረቤትሽ 50 ያለሽ ለአፍ እንዲመች አጠጋግቶ ነው። ሁለቱን ቁጥር ግን ወለሉ ላይ አስተያዪው። በ350 ብታሰሊ ስፋቱ 38.47 ካሬ ይሆናል፣ በ336 ደግሞ 35.45። ክንዱ ላይ 2 ሳንቲ ብቻ ነው የተሳሳተው። ወለሉ ላይ ሲደርስ 3 ካሬ ሆነ። ርዝመት ላይ 4 በመቶ የነበረው ስፋት ላይ 8 በመቶ ይሆናል፣ ምክንያቱም ግማሽ ወርዱን ሁለት ጊዜ ነው የምታባዥው።

ሜትርም ቢሆን ሲጀመር የተወለደው እንዲህ ካለ ጣጣ ነው። ፈረንሳዮች በ1790ዎቹ የየሰፈሩ መለኪያ ሲያስቸግራቸው፣ የማንም ክንድ ያልሆነ ነገር እንፈልግ ብለው ወደ መሬት ሄዱ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት አሥር ሚሊዮን ቦታ ከፍለው አንዷን ሜትር አሏት። ከ1983 ወዲህ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚተረጎመው። ሜትርሽ ጀርባ ላይ ያለው ኢንችም ቢሆን ከ1959 ጀምሮ በትክክል 2.54 ሳንቲ ነው፤ 2.5 ብለሽ በልብስ ላይ ብትሠሪ ምንም አይልሽም፣ መጋረጃ ላይ ግን ይታይሻል።

የባቲው

ክንድ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ባቲ ሰኞ ገበያ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ገዢው ከአገር ቤት ሲመጣ ረጅም ሰው ይዞ ይመጣል። "በእሱ ክንድ ለካልኝ" ይላል። አባቴ ደግሞ አጭር ነው፣ "ሱቁ የእኔ ነው፣ በእኔ ክንድ" ይላል። ግማሽ ቀን በዚህ ያልቃል። በኋላ የያርድ ዘንግ መጣ፣ 91 ሳንቲ ተኩል ገደማ። ጠቡ ቀረ፣ ወላሂ ጨዋታውም አብሮ ቀረ።

ሰፊዋ ከሙጋድ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጨርቁ ነገር አሁን ገባኝ፣ እንዲያውም ተናደድኩ። በየቀኑ የምቆርጠው ነገር እኮ ነው!

የባቲው፣ እኔም ክንዴን ለካሁት። 44 ነው። ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ስንዝሬን ሁለት ጊዜ ስደረድረው 41 መጣ። የራሴ እጅ ከራሴ እጅ ጋር አልተስማማም። በእኔ ክንድ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ጎጆው 308 ላይ ይቀር ነበር።

ወጋግራውን ማን ይንገረኝ?

ቱንቢ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ግንበኛም አናጺም ነኝ። አጎትሽን ባላውቃቸውም አከብራቸዋለሁ፣ እንደሳቸው የሚያቆም ሰው እያለቀ ነው።

ያልቆመ ነገር ይለካል። ምሰሶውን ቀጥ ያለ መስመር አድርጊው። ከምሰሶው ሥር ተነስተሽ ወደ ዳር የምትሄጂበትን መሬት ተኝቶ ያለ መስመር አድርጊው። ወጋግራው ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ሰያፍ መስመር ነው። ይኼ መምህሮቹ ቀጤ ነክ ጎነ ሦስት የሚሉት ነው። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዢ፣ ደምሪ፣ ከዚያ ስልክሽ ላይ ያለውን የካሬ ሥር ተጫኚ።

ግድግዳሽ ከመሃል 3 ሜትር ከ36 ነው። ሳሩ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ይውጣ፣ አለዚያ ዝናቡ ጭቃውን ይልሰዋል። 3.96 ሆነ፣ 4 ሜትር በይው። አሁን ከፍታው ነው ጥያቄው። ዘመናዊ ነን የሚሉ ልጆች 3 ሜትር ይሉሻል። 4 በ4፣ 16፤ 3 በ3፣ 9፤ ድምሩ 25፣ ሥሩ 5። ሒሳቡ ያምራል፣ ወጋግራው 5 ሜትር ልክ ይመጣል፤ ቤቱ ግን ያፈሳል። ሳር ቆሞ ነው ውሃ የሚያወርደው፣ ቢያንስ 45 ዲግሪ ይፈልጋል። 45 ዲግሪ ማለት ወደ ዳር የሄድሽውን ያህል ወደ ላይ መውጣት ነው። ስለዚህ ከፍታውም 4 ሜትር። 16 እና 16፣ 32። ሥሩ 5.66 ነው። ወጋግራሽን 5 ሜትር ከ70 አድርገሽ ግዢ፣ ጫፉ ላይ መታሰሪያ ይትረፍልሽ፤ ባይመቸኝ እቆርጠዋለሁ በይ፣ አጭር እንጨት ግን አይቀጠልም። ይህ ከፍታ ሳሩ ከሚያልቅበት ልክ ወደ ላይ ያለው ነው፤ ምሰሶው ከሥሩ የግድግዳውም ቁመት፣ የሚቀበረውም አለበት። ያንን ለአጎትሽ ተይው።

ማገሩን ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ከታች ያለው ማገር ትልቅ ክብ ነው፣ 8 በ3.14፣ 25 ሜትር ገደማ። ወደ ላይ ስትወጪ እያነሰ እያነሰ ጫፉ ላይ ምንም ይሆናል። ስለዚህ በአማካይ ግማሹ ነው፣ 12 ሜትር ተኩል። በየ25 ሳንቲው ብታስሪ 23 ዙር ይሆናል። 23 በ12.56፣ ወደ 290 ሜትር። ሁሉንም ዙር በ25 ሜትር ብለሽ ብታሰሊ እጥፍ ገዝተሽ ግማሹን ለምድጃ ነበር።

ቋሚውንም ልንገርሽ። ዙሪያው ሁለት ጊዜ 3.36 በ3.14፣ 21 ሜትር ከ10። በሩ አንድ ሜትር ይሁን፣ 20.10 ቀረ። በየ30 ሳንቲው ከተከልሽ 67 ክፍተት ይሆናል፣ እንጨቱ ግን 68 ነው። ሙሉ ክብ ቢሆን ክፍተቱና እንጨቱ እኩል ነው። በር ሲከፈት ግን ሁለት ጫፍ ይኖራል፣ አንድ ይጨምራል። ይህቺን አንድ እንጨት ረስቼ ከሐርቡ ኮምቦልቻ የተመለስኩበት ቀን አለ።

አሁን ዋናው። መሬታችሁ ተዳፋት ነው? ሐይቅ ከሆነ መቼም አይቀርም። ገመዱን ስታዞሪ በቁልቁለቱ በኩል ወደ ታች ካዘነበልሽው ክቡ ክብ አይደለም። ገመዱ አንድ ሜትር ዝቅ ቢል 3.36 የነበረው ወደ 3.21 ይወርዳል። 15 ሳንቲ ሄደ ማለት ነው፣ ማንም ሳይሰርቅሽ። ገመዱ ውሃ ልኩን ጠብቆ ይያዝ፣ ከጫፉ ቱንቢ (ክብደት የታሰረበት ክር) ጣይበት፣ ቱንቢው ያረፈበት ላይ ምልክት አድርጊ። ውሃ ልክ ከሌለሽ የሚያሳይ ጎማ ውሃ ሞልተሽ ሁለቱን ጫፍ አስተያዪ። ናይለን ገመድ ደግሞ አትጠቀሚ፣ ይለጠጣል። አንዱ ሰው ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘው ወለልሽ ዕንቁላል ይሆናል።

ልበ ቅን

3.14 ስህተት ነው። እኛ የተማርነው 22 ለ7 ነው፣ ትክክለኛው እሱ ነው። በ3.14 የተሠራ ቤት አይገጥምም።

ጠመኔ (መምህር፣ ወልድያ)

ወንድሜ፣ ሁለቱም ግምት ናቸው። 3.14 ከፓይ ትንሽ ያንሳል፣ 22 ለ7 ትንሽ ይበልጣል፤ እንዲያውም 22 ለ7 ይቀርባል። ግን የሰፊዋን ዙሪያ በሁለቱም አስላው፤ በአንዱ 21 ሜትር ከ10፣ በሌላው 21 ሜትር ከ12 ነው የሚመጣው። 2 ሳንቲ። አንዱ አጠና ከዚያ ይወፍራል። ጋሽ ቱንቢ የሚተክሉት እንጨት ጎባጣ ነው፣ እኛ በሁለተኛው አሥርዮሽ እንጣላለን።

ቱንቢ (ኮምቦልቻ)

ጎባጣውን ወደ ውጪ ነው የማደርገው መምህር፣ አይታይም።

ሴራሚኩን ረሳሁት። ክብ ወለል ላይ ዳሩ በሙሉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ቅሪት ብዙ ጊዜ ለሌላ ቦታ አይሆንም። 40 በ40 ከሆነ አንዱ 0.16 ካሬ ነው። 35.45ን በዚያ ስታካፍይ 222 ይመጣል። 250 ውሰጂ፣ 40 ካሬ ማለት ነው። ጭቃው ወደ ውስጥ ትንሽ ስለሚበላ ወለሉ ከሒሳብሽ ያንሳል፣ ስለዚህ አያጥርሽም። ካርቶኑ ላይ ስንት ካሬ እንደሚይዝ ተጽፏል፣ አንብቢ። ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢ። በኋላ ስትመለሺ ቀለሙ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

ሰፊዋ ከሙጋድ

ጋሽ ቱንቢ፣ መምህር፣ ሁላችሁም ኑሩልኝ። ዛሬ ሐይቅ ውዬ መመለሴ ነው።

ቦታው ተዳፋት ነበር። በጎማው ውሃ አየነው፣ በታችኛው በኩል 40 ሳንቲ ዝቅ ይላል። አስልቼው 2 ሳንቲ ተኩል ገደማ ብቻ ነው የሚያሳስተው፣ እንደፈራሁት አይደለም። ቢሆንም በቱንቢ አስተካከልነው። ናይለኑን ጥዬ የቃጫ ገመድ አመጣሁ፣ 336 ላይ በቀይ ክር ቋጠሮ ሰፋሁበት። ሰፊ መሆኔ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

አጎቴ አዲሱን ገመድ ተቀበሉኝና አላመኑኝም። ቁጭ ብለው በክንዳቸው ከዳር ጀምረው ለኩት። ሰባተኛው ክንድ ቀዩ ቋጠሮ ላይ አረፈ። "ሜትርሽ ደህና ነው" አሉኝ።

ከዚያ የከፍታውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያልኩ ስጨነቅ፣ "አባባ፣ ጣራው ከግድግዳው በላይ ስንት ይውጣ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ያቺኑ ገመድ አንስተሽ አቁሚያት፣ የደረሰችበት ነው።" ወደ ዳር የሄድሽውን ያህል ወደ ላይ! ጋሽ ቱንቢ 45 ዲግሪ ያሉት እኮ ነው። ስለ ዲግሪ ሰምተው አያውቁም።

ወጋግራውን 5.70 ብዬ አዝዣለሁ። ቋሚውን 70 ገዛሁ፣ ሁለቱ ጎባጣ ቢሆኑ ብዬ። ሴራሚኩን ነገ እገዛለሁ፣ ግን እዚያ ፒያሳ ያለው ሱቅ አልሄድም፤ ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መኪናዎቹ የት አሉ ይለኛል።